1 ቴራ የተባለው ዲስክ ለምን 931 ይላል?

ጤና ይስጥልኝ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙ ሰው «ተሸወድኩ» እያለ ስለሚበሳጭበት ነገር ነው ዛሬ የማወራችሁ። ካርቶኑ ላይ 1 ቴራባይት የሚል ሃርድ ዲስክ ትገዛላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ትሰኩታላችሁ። ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ይላችኋል። የቀረው የት ገባ?

የትም አልገባም። ዲስኩ ሙሉ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዕቃ በሁለት መለኪያ ሲለካ የወጡ ናቸው፤ ከባይት ወደ ኪሎ፣ ወደ ሜጋ፣ ወደ ጊጋ፣ ወደ ቴራ ሲወጣ አንዱ በ1000 እየተባዛ ይሄዳል፣ ሌላው በ1024። ይቺ 1024 ከየት መጣች የሚለውን ነው በደንብ እንድናየው የምፈልገው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተር በሁለት ስለሚቆጥር ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ እሱ ደግሞ ግማሽ መልስ ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ኤሌክትሪክ ያሳልፋል ወይም ይዘጋል። ቮልቴጁን አስር ቦታ ከፍሎ ከ0 እስከ 9 መያዝ አይቻልም ወይ ካላችሁኝ፣ ይቻላል። ግን ሙቀት ሲጨምር ወይም ኃይሉ ትንሽ ሲዋዥቅ 6 የነበረው 7 ሆኖ ይነበባል። ሁለት ደረጃ ብቻ ሲሆን በመሃላቸው ሰፊ ክፍተት ስላለ ትንሽ መዋዠቅ ምንም አያመጣም።

በአስር የቆጠሩ ማሽኖችም ነበሩ። በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ አንዱ ነው። ከ0 እስከ 9 ያለችውን አንዲት አሃዝ ለመያዝ አስር ፍሊፕ ፍሎፖች (በርቶ ወይም ጠፍቶ የሚቆይ ሰርኪዩት ማለት ነው) በቀለበት ተያይዘው ይሠሩለት ነበር፣ በአንድ ጊዜ ከአስሩ አንዱ ብቻ እየበራ። እነዚያኑ አስር ፍሊፕ ፍሎፖች እያንዳንዳቸው እንደፈለጉ እንዲበሩና እንዲጠፉ ብትተዋቸው ግን ስንት ዓይነት አቀማመጥ ይወጣቸዋል? 2 በ2 እየተባዛ አስር ጊዜ፦ 1024። በዚያው ዕቃ 10 ነገር መያዝና 1024 ነገር መያዝ! መሐንዲሶች ወደ ሁለት የሄዱት ወደው አይደለም፣ ሒሳቡ ነው የጎተታቸው።

አሁን ወደ ሜሞሪ እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ሜሞሪ ውስጥ እያንዳንዱ ቦታ አድራሻ አለው፣ አድራሻው የሚላከው ደግሞ በመስመሮች ነው። አስር መስመር ካላችሁ 1024 አድራሻ አላችሁ። እስቲ አምራቹ «ለሰው እንዲመች» ብሎ 1000 ቦታ ብቻ ሠራ እንበል። 24 አድራሻዎች ባዶ ሜዳ ላይ ይጠቁማሉ። ሁለተኛ ቺፕ ከጎኑ ስትጨምሩ መሃል ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፣ እሱን ለመዝለል ተጨማሪ ሰርኪዩት ያስፈልጋል፣ ያ ሁሉ ጣጣ ለምንም ጥቅም። ለዚህ ነው ኢንቴል በ1970 ያወጣው 1103 የተባለው የሜሞሪ ቺፕ 1024 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚቀመጥባቸው 1024 ቦታዎች፣ የሚይዘው። 1024 ደግሞ ለ1000 ስለሚቀርብ ሰዎች «ኪሎ» አሉት፣ ልዩነቱ 2.4 በመቶ ብቻ ስለነበር ማንም ግድ አልሰጠውም።

ሃርድ ዲስክ ግን እንዲህ ዓይነት ግዴታ የለበትም። መረጃው በሴክተር ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ሴክተር 512 ወይም 4096 ባይት ይሆናል፣ የሴክተሮቹ ብዛት ግን ማንኛውም ቁጥር መሆን ይችላል። ስለዚህ አምራቾቹ ኪሎ 1000 ነው፣ እንደ ኪሎሜትርና እንደ ኪሎግራም፣ ብለው ቆጠሩ። ቁጥሩ ተለቅ ብሎ መታየቱ ለገበያቸው እንደሚጠቅም አልክድም። ግን አልዋሹም።

ችግሩ ልዩነቱ እያደገ መሄዱ ነው። ሜጋ ላይ 4.9 በመቶ ደረሰ፣ ጊጋ ላይ 7.4፣ ቴራ ላይ ወደ 10።

መደበላለቁ የት ድረስ እንደሄደ ፍሎፒ ዲስክን አስታውሱ፤ «1.44 ሜጋባይት» ይባል የነበረውን። ውስጡ 1,474,560 ባይት ነው ያለው። ለአንድ ሚሊዮን ብታካፍሉት 1.47 ይሆናል። ሁለት ጊዜ ለ1024 ብታካፍሉት 1.41። ታዲያ 1.44 እንዴት ወጣ? አንዴ ለ1024፣ አንዴ ለ1000 ተካፍሎ! በየትኛውም መለኪያ ልክ ያልሆነ ቁጥር ለዓመታት ዲስኩ ላይ ታትሞ ኖረ።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለ1024ቱ የራሱን ስም አወጣለት፦ ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት። አፕል በ2009 ባወጣው ስኖው ሌፐርድ በተባለው የማክ ኮምፒውተር ሲስተም ላይ የዲስክን መጠን በ1000 መቁጠር ጀመረ፣ ካርቶኑና ስክሪኑም ተስማሙ። ዊንዶውስ ግን ዛሬም በ1024 ያካፍልና ጊጋባይት ብሎ ይጽፋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በ1024 ማካፈሉ ነውር የለውም፣ ጊቢባይት ብሎ ይጻፈው! እናንተም ውስጥ ፕሮግራም የምትሠሩ ካላችሁ፣ የፋይል መጠን በምታሳዩበት ቦታ ሁሉ ያካፈላችሁበትን ትክክለኛ ስም ጻፉ። GB የነበረውን GiB ማድረግ፣ አንድ ፊደል የመጨመር ሥራ ነው።

እስከዚያው ግን የገዛችሁትን ዲስክ በቀኝ ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ከ931 ጎን ሙሉው የባይት ብዛት ተጽፏል። 1 ትሪሊዮን ገደማ ከሆነ የከፈላችሁበትን አግኝታችኋል። በጣም ካነሰ ደግሞ ዲስኩን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ።

አመሰግናለሁ።