ማክግሬገር፦ በአዋጅ የተከለከለ ስም

ሰላማዊት፦ በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ማክግሬገር ስለተባለው የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም ነው። ዳዊት፣ ስሙ ለጆሯችን እንግዳ ቢመስልም ግማሹን እናውቀዋለንና ከትርጉሙ ብንጀምር ይሻላል።

ዳዊት፦ እውነት ነው። «ማክ» በስኮትላንድ ጌሊክ ቋንቋ «ወንድ ልጅ» ማለት ሲሆን፣ ግሬገር ደግሞ እኛ ጎርጎርዮስ የምንለው፣ በግሪክኛ «ትጉህ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ነው። እንግዲህ ማክግሬገር የጎርጎርዮስ ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስም ቀድሞ እንደ እኛው የአባት ስም በየትውልዱ የሚለዋወጥ ነበር፤ በኋላ ግን በአንድ ቅድመ አያት ስም ላይ ረግቶ የመላው ጎሳ መጠሪያ ሆነ።

ሰላማዊት፦ ያ ቅድመ አያት ማን ነበር?

ዳዊት፦ የጎሳው መፈክር «ዘሬ ንጉሣዊ ነው» ይላል፤ ትውፊቱም የዘር ሐረጉን ከጥንት ነገሥታት ያደርሰዋል። እኔ ግን ይበልጥ የማምነው፣ ስሙ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሌን ኦርኪ ሸለቆ ከኖረ ግሬገር ከተባለ ሰው መጣ የሚለውን ነው።

ሰላማዊት፦ ታዲያ ስም እንዴት ወንጀል ይሆናል?

ዳዊት፦ ነገሩ የመሬት ጉዳይ ነው። ማክግሬገሮች አባቶቻቸው በኖሩበት መሬት ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ኃያላኑ የካምቤል ጎሳ ሰዎች የዚያኑ መሬት ባለቤትነት በንጉሥ ቻርተር፣ ማለትም በመብት ሰነድ፣ አጸኑ። ርስቱን ያጡት ከብት ወደ መዝረፍና ወደ ውጊያ ገቡ። በየካቲት 1603፣ በራሱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በግሌን ፍሩን ሸለቆ የኮልኩን ጎሳን ክፉኛ ድል አደረጉ። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 6ኛ የእንግሊዝን ዘውድ ሊቀበል ወደ ለንደን ከመነሣቱ ከሁለት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 3፣ የንጉሡ ምክር ቤት ስሙን ከለከለ። በስሙ የተጠራ ሁሉ በሞት የሚቀጣ ሆነ።

ሰላማዊት፦ አለቃቸውስ?

ዳዊት፦ የግሌንስትሬው አላስደር ማክግሬገር በጥር 1604 በኤድንብራ ተሰቀለ። ከዚያም ከአራት በላይ ሆነው እንዳይሰበሰቡና ሥጋ ከሚቆርጡበት ጫፍ አልባ ቢላ በቀር መሣሪያ እንዳይዙ ተከለከሉ። በ1633 ደግሞ ካህናት ሕፃናትን ግሬገር ብለው እንዳያጠምቁ ተደነገገ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው።

ሰላማዊት፦ ስለዚህ ሰዎቹ የሌላ ጎሳ ስም ያዙ።

ዳዊት፦ አዎን፤ ማሪ፣ ግራንት፣ ድራመንድ፣ ስቱዋርት፣ አንዳንዶቹም የባላጋራቸውን ስም ጭምር ይዘው ካምቤል ተባሉ። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1661 ክልከላውን ቢያነሣም በ1693 ተመልሶ ጸና። እውቁ የስኮትላንድ ሽፍታ ሮብ ሮይ ማክግሬገርም የእናቱን ስም ይዞ ካምቤል ይባል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰላማዊት፦ እስከ መቼ?

ዳዊት፦ እስከ 1774፤ ሮብ ሮይ ከሞተ 40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያኔም ሁሉም ወደ ስሙ አልተመለሰም፤ ለአምስትና ለስድስት ትውልድ የተጠሩበት ስም የራሳቸው ሆኖ ነበርና። ስለዚህ የዘር ሐረጉን የሚመረምር አንድ ግራንት ወይም ድራመንድ ማክግሬገር ሆኖ ቢገኝ አይደንቅም። የጎሳው አለቆች እንኳ ማሪ ሲባሉ ቆይተው ማክግሬገር የሚለውን በንጉሥ ፈቃድ መልሰው የያዙት በ1822 ነው።