«ሴፍቲኔቱ ላይ አስገባኝ» የተባለ የፓርላማ አባል ምን ይመልስ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ የፓርላማ አባል መራጮቹን ሰብስቦ እያወያየ ነው እንበል። አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ፣ እኛ መርጠንህ ነው እዚያ የገባኸው። ሴፍቲኔቱ ላይ ስሜን አስገባልኝ» አሉት፤ በከተማ ለድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠውን ፕሮግራም ማለታቸው ነው። ምን ይመልስ?

ብዙዎቻችሁ «ያስገባላቸዋ! ለዚህ አይደል የመረጡት?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ዛሬ ተመራጮች ሀብታቸውን ስለማስመዝገባቸው ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት፣ ግን ይሄን ሳናጠራ አናልፍም።

እስቲ እድርን አስቡ። የእድሩ ዳኛ ወዳጃችሁ ነው። ድንኳኑን ለዘመዳችሁ ሰርግ በጎን ሰጣችሁ። ደስ አላችሁ። በማግስቱ ጎረቤት ሰው ሞተ፣ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። አሁን ዳኛው ቸር ነው? ከኪሱ እኮ አልሰጣችሁም። ወር በወር ከሚያዋጡት ላይ፣ ከእነዚያው ሐዘንተኞች ላይ ነው ያነሳው። ከሐዘንተኞቹ ላይ! እድር ላይ ይሄ ቢደረግ እንጮሃለን፣ ደብተሩ ይውጣ እንላለን፣ ዳኛውን እናወርዳለን። የፓርላማ አባል ሲያደርገው ግን «ሰው ወዳድ ነው» እንላለን። ይሄ በጣም ይከነክነኛል።

ሴፍቲኔቱም ያው ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር መሥራት የሚችለው በጽዳትና በመሳሰለው ሠርቶ እንዲከፈለው፣ አቅም የሌለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ ነው የታሰበው። ቦታው የተቆጠረ ነው። ምልመላው የሰፈሩ ሰው የሚሳተፍበት ነው፣ ቅር ያለውም አቤት ይላል። አንድ ስም በስልክ ከገባ አንድ ስም ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ የሚደውልለት ዘመድ የሌለው ነው።

ለእኔ ጥሩ ተመራጭ እንዲህ የሚላቸው ነው፦ «እማማ፣ እኔ አላስገባዎትም። ለምን እንደቀሩ ግን እንዲነገርዎት አቤቱታዎን ያስገቡ። በጀቱ አንሶ ከሆነ ምክር ቤት ላይ አነሳዋለሁ።» ሥራው እሱ ነው፣ በጀቱን የሚያጸድቀው እሱ ያለበት ምክር ቤት ነዋ።

ተመራጭን የሚመለከተውን ሕግም ቶሎ ቶሎ ልበል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54፦ የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው፤ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት ደግሞ በሕግ መሠረት ይወገዳል። አዋጅ 668/2002፦ ተመራጭ ሀብቱን ያስመዘግባል። «ሕሊና» የሚለውን ይዛችሁ «እኛን አይሰማም ማለት ነው?» እንዳትሉኝ፣ «ሕዝቡ» እኮ እዚያው መስመር ላይ ተጽፏል።

የሀብት ምዝገባው ቀጣዩ ቪዲዮ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። በሰፈራችሁ ምልመላው እንዴት እንደነበር ጻፉልኝ፣ የሰው ስም ግን አትጥሩ።