ክላሲክ ፖርሽ 911ን ከውስጥ ማቅለል፦ ከመፍታት በፊት ሚዛን

[ምስል፦ የ911 በር ከውስጥ በኩል፤ ኪስ የለውም፣ የክንድ ማሳረፊያ የለውም፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ እጀታና አንድ ቀጭን ማሰሪያ ብቻ]

ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምናየው የድሮ ስፖርት መኪናን ከውስጥ በኩል፣ በራስ እጅ ሥራ፣ እንዴት ማቅለል እንደሚቻል ነው። ለምሳሌ የያዝነው ፖርሽ 911ን ነው፤ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዘውን፣ ከ1989 በፊት የተሠራውን። ይህን መኪና የመረጥኩት ፋብሪካው ራሱ ምን አውጥቶ እንዳቀለለው በግልጽ ስለሚታወቅ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥቅምት 1972 ፖርሽ በፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7ን አቀረበ። ለውድድር ብቁ ለመባል 500 መኪና መሥራት ይጠበቅበት ነበር፤ ፈላጊው ስለበዛ መጨረሻ ላይ 1,580 ተሠራ። ሞተሩ 2.7 ሊትር ነው፣ ኃይሉ 210 የፈረስ ጉልበት። ገዢው ከሁለት ዓይነት ይመርጣል። ቱሪንግ የሚባለው ምቾቱ የተሟላ ነው። ስፖርት የሚባለው ደግሞ ክብደቱ 960 ኪሎ ነው፤ ከቱሪንጉ በ115 ኪሎ ያንሳል። ሁለቱም ያንኑ ሞተር ነው የያዙት። ቱሪንጉ ከዜሮ ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 6.3 ሰከንድ ሲፈጅበት ስፖርቱ በ5.8 ይደርሳል።

ታዲያ ምን ወጣለት? የኋላ ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ሰዓቱ፣ የኮት መስቀያው፣ የበሩ ክንድ ማሳረፊያ። ከባዶቹ የፊት ወንበሮች በቀላል የውድድር ወንበር ተተኩ። በሩ የሚከፈተው ቀጭን ማሰሪያ ሲሳብ ሆነ። እኔ ይህን መኪና የምወደው ለዚህ ነው፤ የማያስፈልገው ሁሉ ወጥቶለታል፣ የቀረው ሁሉ ሥራ አለው።

ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ115 ኪሎው ልዩነት ሁሉ ከምንጣፍና ከወንበር የመጣ አይደለም። የአርኤስ አንዳንድ የአካል ላሜራ ከተራው 911 የሳሳ ነበር፣ መስታወቱም ቀጭን ነበር። እነዚህን ቤታችን ውስጥ አንሠራቸውም። ለእኛ ሥራ የሚቀርበው ሌላ መኪና ነው፦ በ1987 የወጣው ካሬራ 3.2 ክለብስፖርት። ከዚህኛው የተሠራው 340 ብቻ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው፣ ሬዲዮው፣ የኤሌክትሪክ መስኮቱና ወንበሩ፣ የኋላ ወንበሩ፣ የድምፅ ማፈኛው፣ የተሳፋሪው የፀሐይ መከላከያ ሳይቀር ወጣ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሰጠው ቅነሳ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ቁጥሩን በደንብ ያዙት። አንድ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ገፍቶ 50 ኪሎ ካገኘ፣ «በአንድ ቅዳሜ 100 ኪሎ አወጣሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሚዛኑን ነው።

[ምስል፦ መኪና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዝ]

50 ኪሎ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ? ያመጣል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ላይ ያለ 50 ኪሎ ወደ 19 ሺህ ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ተሸክሟል። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ያ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ደግሞ ፍሬኑ ነው። መታጠፊያ ላይም እንዲሁ ነው። ጎማ ጭነት ሲጨመርበት መንገድ የመያዝ ኃይሉ ያድጋል፣ ነገር ግን በጭነቱ ልክ አያድግም። ጭነቱ ሲቀንስ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ከበፊቱ የተሻለ ተይዞ ይታጠፋል። የፈረስ ጉልበት መጨመር ሞተሩን ብቻ ነው የሚረዳው፤ ማቅለል ሞተሩንም ፍሬኑንም ጎማውንም ይረዳል።

911 ላይ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ የተንጠለጠለ ስለሆነ የኋላው ክብደት አስቀድሞም ብዙ ነው። ስለዚህ ከኋላ ወንበር አካባቢ የሚወጣ አንድ ኪሎ ከፊት ከሚወጣው አንድ ኪሎ የበለጠ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሥራ መፍቻ ማንሳት አይደለም። ሚዛን ነው። ተራ የሻንጣ ሚዛንና አንድ ደብተር ይበቃል። የምትፈቱትን እያንዳንዱን ዕቃ ከነብሎኑ መዝኑት፣ ጻፉት፣ ፎቶ አንሡት፣ ስሙን የጻፋችሁበት ከረጢት ውስጥ አስቀምጡት። ይህን የማያደርግ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ሥራ እንደጠቀመውና የትኛው ድካም ብቻ እንደሆነ አያውቅም። አንዳንዱ ውጤት ደግሞ ያለ ምንም ሥራ ይገኛል፦ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው 911 ሰልባትዮው 80 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሩብ ኪሎ ያህል ከውሃ ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ውድድር ሜዳ ስትሄዱ ሰልባትዮውን ግማሽ ብቻ መሙላት 30 ኪሎ ገደማ ያስቀርላችኋል።

[ምስል፦ ባዶ የመኪና ወለል፤ ጥቁር የሬንጅ ንጣፍ፣ ላዩ ላይ ነጭ ጢስ የሚተን በረዶ]

ምንጣፉን ስታነሡ ከሥሩ ጥቁር የሬንጅ ንጣፍ ታገኛላችሁ። ሥራው የላሜራውን መንቀጥቀጥ ማፈን ነው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንዲህ ዓይነት ንጣፍ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሊነኩት የሚገባ ክብደት ነው። በመፋቂያ ብቻ ከሞከራችሁት ግን ቀኑን ሙሉ ታግላችሁ የምታገኙት የተጫረ ቀለም ነው። የተሻለው መንገድ ደረቅ በረዶ ነው፤ ማለትም የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ። ወለሉ ላይ ዘርጉት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ሬንጁ እንደ መስታወት ይሰባበራል፣ ከላሜራውም ይለቃል። በረዶው በማይቀመጥበት ቆሞ ባለ ግድግዳ ላይ የሞቀ አየር የሚነፋ መሣሪያና የፕላስቲክ መፋቂያ ይሻላል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ደረቅ በረዶ ሲተን ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ መኪናው ወለል ላይም ይተኛል። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ውጭ ወይም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሠራ። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርጉ። የተረፈውን በታሸገ ዕቃ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ይፈነዳል።

ንጣፉ ሲነሣ ዝገት ሊታይ ይችላል። ፖርሽ የ911ን አካል ሙሉ በሙሉ በዚንክ መሸፈን የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ካላችሁ ወለሉንና የጎን ተሸካሚውን በደንብ መርምሩ። ዝገት ካለ ማቅለሉ ይቆየን፤ ብየዳው ይቀድማል። ንጹሕ ከሆነ ፀረ-ዝገት ቀለም ቀቡት፣ ላዩ ላይ የሰውነቱን ቀለም ድገሙበት። ንጣፉን ሁሉ አውጡ ደግሞ አልልም። ከሞተሩና ከካቢኑ መሐል ያለውን ማፈኛ እኔ ብሆን አልነካውም። እሱ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሙቀትና ሽታም ይከለክላል።

[ምስል፦ ካርቶን ላይ የተገለበጠ የበር ሰሌዳ ቅርጽ፤ እርሳስ፣ መቀስ]

አሁን ወደ በሩ። ከሁሉም ሥራ በቤት ውስጥ በደንብ የሚሠራው፣ ዓይንም የሚያየው ይህ ነው። በኋለኞቹ 911ዎች ላይ በሩ ከባድ የዕቃ ኪስ፣ የክንድ ማሳረፊያና ድምፅ ማጉያ አለው። እነዚህን በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ እንተካለን።

ከምን ይሠራ? እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የበሩ ሰሌዳ ስፋት ግማሽ ካሬ ሜትር ነው እንበል። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አንድ ኪሎ ገደማ ይመጣል። 1 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ 1.35 ኪሎ ይሆናል። አያችሁ፣ ብዙ ሰው ቀላሉ አሉሚኒየም ነው ብሎ ያስባል፤ እዚህ ግን ተራው እንጨት ይቀላል፣ ያውም አይንኳኳም። ሁለት ድርብ የካርቦን ፋይበር ከነሙጫው ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ዋጋውን ከምታተርፉት ግማሽ ኪሎ ጋር አስተያዩት። ለመንገድ መኪና የእኔ ምርጫ ኮምፔንሳቶ ነው።

የድሮውን ሰሌዳ ሳትጎዱ አውጡት፣ ካርቶን ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ንደፉት። የመስኮት ማዞሪያው፣ የመክፈቻውና የማያያዣ ቅንጥቦቹ ቀዳዳ ቦታ በትክክል ይያዝ። ካርቶኑን ቆርጣችሁ በሩ ላይ ሞክሩት፣ በሩን ክፈቱ ዝጉ፣ ከወንበሩም ከክሩስኮቶውም ጋር እንዳይጋጭ እዩ። ካርቶን ርካሽ ነው፤ ልክ እስኪሆን ሦስትም አራትም ጊዜ ቁረጡ። ከዚያ ቅርጹን ወደ ኮምፔንሳቶው አዛውሩ፣ በቀጭን መጋዝ ቁረጡ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኮምፔንሳቶውን በሁለቱም ወገን፣ በተለይ በጠርዙና በቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ ቫርኒሽ አጠጡት። የመኪና በር ውስጡ እርጥብ ነው፤ የዝናብ ውሃ በመስታወቱ ላይ ወርዶ በበሩ ሆድ አልፎ ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ከሰሌዳው ጀርባ ፕላስቲክ የለጠፈው። ያ ፕላስቲክ ከተቀደደ አዲስ ወፍራም ላስቲክ ቆርጣችሁ በማይደርቅ ማጣበቂያ ዙሪያውን ለጥፉ። ያለ እሱ ሰሌዳው በአንድ ክረምት ይጣመማል፣ ወለሉም ውሃ ይይዛል።

ከዚያ ሰው ሠራሽ ቆዳውን በማስቲሽ ለጥፉት። ሁለቱንም ወገን ቀብታችሁ፣ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ አድርቃችሁ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋችሁ። በጀርባ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይታጠፍ፤ ማዕዘኑ ላይ እንዳይወፍር ቁረጡለት።

የመጨረሻው የማሰሪያውና የመዝጊያ እጀታው ጉዳይ ነው። በር ስትዘጉ የምትስቡት ሙሉውን በር ነው። እጀታውን ከኮምፔንሳቶው ጋር ብቻ ካሰራችሁት ሰሌዳው ተገንጥሎ በእጃችሁ ይቀራል። ብሎኑ ሰሌዳውን አልፎ ከበሩ የውስጥ ላሜራ ጋር መያያዝ አለበት፤ የድሮው የክንድ ማሳረፊያ የታሰረበት ቀዳዳ ካለ እሱን ተጠቀሙ፣ ከሌለ ውስጡ ብሎን የሚቀበል ጥርስ ያለው ሪቬት ግጠሙ። መክፈቻ ማሰሪያው ከቁልፉ ዘንግ ጋር ሲያያዝ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሳብ፤ ተወጥሮ ከታሰረ መኪናው ሲነቃነቅ በሩን ሊከፍተው ይችላል።

[ምስል፦ የኋላ ወንበር የወጣለት ቦታ፣ በቀጭን ምንጣፍ የተሸፈነ]

የኋላ ወንበር ማውጣት ቀላል ነው፣ ብዙ አላወራበትም። ክፍተቱን በቀጭን ምንጣፍ ሸፍኑት፣ የወንበሩን መደገፊያ ማጠፊያዎችም አብራችሁ አውጡ። ሬዲዮ፣ ድምፅ ማጉያና ከእነሱ ጋር ያለውን ሽቦ ስታወጡ ሽቦውን አትቁረጡ፤ ከመሰኪያው ንቀሉና ጫፉን አሽጉ።

የፊት ወንበር ትልቁ ክብደት ያለበት ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የቤት ሥራ ይቆማል። በይነመረብ ላይ በቤቱ ከፋይበር ወንበር የሠራ ሰው ታያላችሁ። አታድርጉት። ወንበር በግጭት ጊዜ አከርካሪያችሁን የሚይዝ አካል ነው፤ ኤፍአይኤ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን፣ ለውድድር ወንበር 8855-1999 የተባለ መለኪያ ያወጣው በከንቱ አይደለም። በዚህ መለኪያ የተፈተነ ወንበር ግዙ፣ ማሰሪያውንም ወለሉ ላይ ሸክሙን በሚያሰፋ የብረት ሰሌዳ አጠናክሩት። መንገድ ላይ ለምትነዱት መኪና ፋብሪካው የሰጠው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ከነማሰሪያ ቦታው ይቆይ። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያውን የሚይዘውን የብረት አጥርም መንገድ ላይ በምትነዱት መኪና ውስጥ አትግጠሙ፤ ሄልሜት ላላደረገ ጭንቅላት አጥሩ ራሱ አደጋ ነው።

ማሞቂያውንም እንዲሁ ተዉት። በአየር በሚቀዘቅዘው 911 ላይ ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከጢስ ማውጫው ዙሪያ ነው፤ ብዙ ቱቦና ክብደት ስላለው ሰው ማውጣት ይመኛል። ነገር ግን የፊት መስታወቱን ጉም የሚያጠፋው እሱ ነው። ካወጣችሁት በዝናብ ቀን የምትነዱት በጨርቅ መስታወት እየወለወላችሁ ነው። እዚያው ሳላችሁ ግን ቱቦዎቹ እንዳይፈሱ አረጋግጡ፤ የተቀደደ ከሆነ የጢስ መርዝ ወደ ካቢኑ ይገባል።

ለልባስ የምትመርጡትን ጨርቅና ስፖንጅ ከመግዛታችሁ በፊት የእሳት ባሕርዩን ጠይቁ። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደንብ የካቢን ዕቃ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይቃጠል ይደነግጋል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ጨርቅ ይህን ያሟላል፤ የሶፋ ጨርቅ ግን ላያሟላ ይችላል።

ያወጣችሁትን ሁሉ አትሽጡት። የ911 ኦሪጅናል የውስጥ ዕቃ ዋጋው ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ጀርመን የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ 30 ዓመት ለሞላው መኪና የሚሰጠው የታሪካዊ መኪና ታርጋ መኪናው በተሠራበት ዘመን የነበረውን መልክ እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መርማሪውን አነጋግሩ። የምሠራው ሁሉ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ሆኖ ይሠራ የምለው ለዚህ ነው፦ አዲስ ቀዳዳ አይበሳ፣ ሽቦ አይቆረጥ፣ የድሮው ሰሌዳ አይሰነጠቅ።

[ምስል፦ ሙሉ መኪና ከጎን፤ የኋላው ከፍ ብሎ]

ሁሉም ሲያልቅ መኪናው ከኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። እስከ 1989 ያለው 911 የሚንሳፈፈው በጥቅል ስፕሪንግ ሳይሆን በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው፤ ክብደት ሲቀንስበት ዘንጉ ይፈታና አካሉን ያነሣል። ከፍታው ሲለወጥ የጎማው አቀማመጥ አብሮ ስለሚለወጥ መኪናው መታጠፊያ ላይ ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ፊቱ በብሎን ይስተካከላል። የኋላው ግን ዘንጉን ከጥርሱ አውጥቶ በሌላ ጥርስ መመለስ ስለሚጠይቅ ለሚያውቅ ጋራዥ ስጡት። አራቱ ጎማዎች በአራት ሚዛን ላይ ይቁሙ፤ ሲመዘን ሰልባትዮው ግማሽ ይሁን፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ደግሞ በእናንተ ክብደት ልክ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ይቀመጥ። የጎማው አሰላለፍ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው።