ጀልባው ሰው ይቆጥራል

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ዛሬ የምቀዳው ከኮምቦልቻ፣ ከእናቴ ቤት ነው። ከጀርባ የሚሰማው ብየዳ ያው የምታውቁት ጎረቤታችን ነው፣ እሑድም አያርፍም። ስለ ደሴ የኪራይ ቤት ጉድ አወራለሁ ብዬ ነበር፤ ለሚቀጥለው ይቆየን። ዛሬ ሌላ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው።

ለእናቴ የሠራነው ቤት ምርቃት አለፈ። ከመሠረቱ ጀምሮ አብራችሁኝ ስለነበራችሁ ታሪኩን አልደግመውም። ብረት የተወደደ ጊዜ፣ ሲሚንቶ የጠፋ ጊዜ፣ ሁሉንም እዚሁ አውርተነዋል። አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ። ቀለሙ ሳይቀር አልቋል። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ግን መምጣት አልቻለችም። ማዳሟ ፈቃድ የምትሰጣት ክረምት ላይ፣ ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲወጣ ነው። ስለዚህ «እናንተ እዚያ መርቁ፣ እኔ እዚህ ከዕቁብ ጓደኞቼ ጋር እመርቃለሁ፣ በቪዲዮ እንገናኛለን» አለች። እኔ ዴራ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ የሚሰበሰቡ ነበር የመሰለኝ። ለካ ያት ተከራይተዋል።

አዎ፣ ያት። ፎቶ ላይ የምታዩት ነጩ ቅንጡ ጀልባ።

ኪራዩ እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የነገረችኝ። ዋጋው በሰው አይደለም፣ በሰዓት ነው። ጀልባውን ሙሉ ነው የምትይዙት። ካፒቴኑና ረዳቶቹ፣ ነዳጁ፣ ውኃውና በረዶው ከኪራዩ ጋር ነው። ምግብ ከፈለጋችሁ ትጨምራላችሁ፣ ካልሆነ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ውድ ነው፣ ጠዋት ይረክሳል። እነሱ ጠዋቱን መረጡ። ለእኛም ተመቸን፣ ዱባይ ከእኛ የምትቀድመው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። የእኛ አቦል ሲፈላ እነሱ ውኃ ላይ ይሆናሉ ማለት ነው።

መነሻው ዱባይ ማሪና ነው። ሰው የቆፈረው የባሕር ቦይ ነው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ግራና ቀኙ ፎቅ ነው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ትወጣላችሁ። ዓይን ዱባይ የሚባለውን 250 ሜትር ከፍታ ያለው መሽከርከሪያ ታልፋላችሁ። በዘንባባ ቅርፅ ወደ ተሠራው ደሴት፣ ወደ ፓልም ጁሜራ ትሄዳላችሁ። ብዙ ሰዓት ከያዛችሁ እስከ ቡርጅ አል አረብ ድረስ ትደርሳላችሁ። ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ወለሉ እንጨት ስለሆነ እንዳይቧጠጥ። «ልክ እንደ ቤት» አለችኝ። የምትጠርገውን ቤት ይሁን የኛን ቤት አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ረዳቱ ልጅ ጭማቂ አቀረበላቸው። ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣች። ልታጥብ። ጓደኞቿ ቀሚሷን ይዘው ጎትተው አስቀመጧት። «እጄ እኮ ነው የተነሣው፣ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። ይኼን ስትነግረኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ስለዚህ «ለጀልባ ይኼ ሁሉ ገንዘብ!» ያላችሁ፣ ዘመድ ውስጥም አላችሁ፣ ድምፃችሁን አውቀዋለሁ፣ እባካችሁ። ይኼ ቤት በማን ሀዋላ ቆመ? ለሌላ ሰው ልጅ ልደት ፊኛ ስትነፋ የኖረች ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ተቀምጣ ቢቀርብላት ምን ይሆናል? ደግሞ ተካፍለው ነው የከፈሉት። ሠርግ ላይ ለዲኮር የምናፈሰውን አስቡት። በሠርጉ ነገር ከገባሁ አልወጣም፣ ታውቁኛላችሁ። ይቅር።

ወደዚያች ቅጽበት ልምጣ።

ግቢው ሙሉ ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። እናቴ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣለች፣ አቦሉ ሊቀዳ ነው። ስልኩን የስኳሩ ዕቃ ላይ አስደግፌ ፊቷ አቆምኩት። የዕጣኑ ጢስ ስክሪኑን ሲሸፍነው አንዲት የጎረቤት ልጅ በእጇ እያራገበች ትገፋዋለች። ሽማግሌው ዱዓ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠርገዋል። እህቴ ገባች። መጀመሪያ ፊቷ ብቻ ነው የታየው። ሴቶቹ እልል አሉ። ያቺ የግድግዳ ጎረቤታችን እማማ፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እመ ብርሃን ታክብርሽ» አሉ። እናቴ ጀበናውን አንሥታ ለእሷም የምትቀዳ ይመስል ወደ ስልኩ ዘንበል አደረገችው። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ እህቴ «ቆይ ላሳያችሁ» ብላ ካሜራውን አዞረችው።

ውኃ። ስክሪኑ ሙሉ ውኃ። ሰማያዊም አልነበረም፣ ፀሐይ አርፎበት ነጭ ሆኗል።

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጀበናው ዘንበል እንዳለ ነው። ቡናው በሲኒዎቹ መሐል ረከቦቱ ላይ ይፈሳል፣ እሷ አላየችውም።

«የት ነሽ?» አለች።

«ባሕር ላይ ነኝ እማ! ላንቺ ቤት ብዬ እኮ ነው!»

«ውረጂ።»

ነፋሱ ነው መሰለኝ፣ በደንብ አልሰማችም። «ምን አልሽ እማ?»

«ውረጂ ልጄ። ከዚያ ላይ ውረጂልኝ።»

እህቴ ሳቀች። «የት ልውረድ እማዬ? መሬት የለም እኮ።»

ይቺን ነው የማመላልሳት። ስትጀምረው እየሳቀች ነበር። «መሬት» የምትለው ላይ ስትደርስ ሳቁ ቆመ። ምን እንዳለች ያኔ የገባት ይመስለኛል። ወይም ለእኔ ነው እንደዚያ የመሰለኝ። ቪዲዮው አልተቀዳም፣ ተመልሼ ማየት አልችልም። ግን ፊቷ ተለወጠ፣ በዚያ እምላለሁ። ወዲያው ወደ ውስጥ ሮጠች። «ይኸው እማ፣ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ይኸው ሶፋ፣ ይኸው ቴሌቪዥን፣ አየሽ?» ሶፋውን በእጇ መታ መታ ታደርጋለች። አንዷ ጓደኛዋ ከጀርባ «አብሽሪ እናቴ፣ ምንም የለም» ትላለች። ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ፊቷ ግማሹ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ጠፋ።

ሽማግሌው ዱዓቸውን ጀመሩ። አሚን አልን። እናቴ የቀረውን ቡና ቀዳች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም እሱ ነው ያሳሰበኝ።

ስለ ወንድሜ የሠራሁትን ክፍል ያልሰማ ወደ ኋላ ሄዶ ይስማው፣ ዛሬ አቅሙ የለኝም። ከዚሁ ከኛ በር ነው የወጣው። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ የጅቡቲ ጠረፍ ላይ ያለችው ኦቦክ ደረሰ፣ ከኦቦክ ደወለ፣ እዚያ ላይ አበቃ። ማዶው የመን ነው። ባብ ኤል መንደብ በጣም የጠበበበት ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ ደሴን አልፋችሁ ትንሽ ብትሄዱ ያው ነው። በዚያ በኩል የሰጠመ ጀልባ ወሬ በመጣ ቁጥር ቤታችን ሬዲዮ ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የመን፣ አብያን ጠረፍ የሰጠመው፣ ከ150 በላይ ሰው የጫነው፣ አብዛኞቹ የኛው ልጆች የነበሩበት፣ ያ ሲሰማ እናቴ ለቀናት ከሰው ጋር አላወራችም። የሱ ጊዜ አይደለም፣ እሱ ከሄደ ቆይቷል። ለእናቴ ግን የሚሰጥም ጀልባ ሁሉ የሱ ነው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማታ ጠራችኝና «ያ ውኃ ከዚያኛው ጋር ይገናኛል?» አለችኝ።

«የቱ ውኃ እማ?»

«የሷ። ከሱ ጋር።»

ሌላ ባሕር ነው ልላት ነበር። ስልኬን አወጣሁና ካርታ ከፈትኩ። የዱባዩ ውኃ በሆርሙዝ ይወጣል። ከዚያ የኦማን ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያ ዐረብ ባሕር፣ ከዚያ ዞሮ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ ከዚያ ባብ ኤል መንደብ። በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ጣቴ መሬት አልነካም። እሷም ጣቴን ታያለች። ካርታ አታነብም፣ ግን ጣቴ እንዳልቆመ አይታለች። «እሺ» አለች። ተነሥታ የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች።

የዚያን ሌሊት እህቴ ረጅም ድምፅ ላከችልኝ። እያለቀሰች ነው፣ ግን ያወራችው ስለ እናቴ አይደለም። ስለ ካፒቴኑ ነው። ጠዋት ሲሳፈሩ መታወቂያቸውን ሰብስቦ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አንዷ ጓደኛቸው የአክስቷን ልጅ ይዛ መጥታ ነበር፣ ሳይነገር። ከተፈቀደው በአንድ ሰው በለጡ። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። ለመኑት። ትንሽ ልጅ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ጥግ ላይ ትቀመጣለች አሉት። «የጀልባው ፈቃድ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፣ ከዚያ በላይ አልነሣም» አለ። ማንንም አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ ቆመ። ልጅቷ ወረደች። ከዚያ ላይፍ ጃኬቱ የት እንዳለ አሳያቸው፣ ከዚያ ተነሣ።

«በአንድ ሰው» አለች እህቴ። «በአንድ ሰው ብቻ እኮ ነው።»

ከዚያ በኋላ ድምፁ ላይ የሚሰማው ኤሲው ብቻ ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ እሱን ነው የማስበው። ወንድሜን የቆጠረው አልነበረም። ደላላው ብር ቆጥሯል። ጀልባው ላይ ስንት ነበሩ ብትሉኝ የሚነግረኝ ሰው የለም፣ የሚጠየቅ ወረቀት የለም። ላይፍ ጃኬት የሚባል ነገርም እዚያ አይታሰብም። እና በዚያው በሚገናኘው ውኃ ላይ፣ ለሽርሽር፣ ለፎቶ፣ ለኬክ፣ አንድ ሰው ከበዛ አይነሣም። እህቴም የሱ እህት ናት። እሷም ከዚሁ በር ነው የወጣችው። ልዩነቱ እሷ በኮንትራት በአውሮፕላን ሄደች፣ እሱ ደግሞ... ልዩነቱ ምንድን ነው? መስመሩን ማን አሰመረው? ተናድጄ ነው የማወራው፣ ይቅርታ። ካፒቴኑን አይደለም የምናደደው። ካፒቴኑን ብዳስሰው፣ እጁን ብስመው ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላም አለ። ይኼን ልበለው አልበለው እያልኩ ነው የተቀመጥኩት።

ከጓደኞቿ አንዷ ደወለችልኝ። ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ እህቴ ለብቻዋ ወደ ጀልባው አፍንጫ ሄዳ ቆመች። እጇን ዘርግታ ፋቲሃ፣ ለሞተም የሚቀራውን የቁርኣን መክፈቻ፣ ቀራች። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። ተመልሳ መጥታ ኬኩን ቆረሰች፣ ፎቶ ተነሣች፣ ፎቶው ላይ ትስቃለች። ያያችሁት ፎቶ እሱ ነው።

እኛ ቤት ለወንድሜ ፋቲሃ ተቀርቶ አያውቅም። ለቅሶ አልተቀመጥንም። እናቴ የሱን ብርድ ልብስ በየዓመቱ አጥባ ታሰጣለች። እና ፋቲሃ ለብዙ ነገር ይቀራል፣ ለምስጋናም ይቀራል፣ ለቤቱም ሊሆን ይችላል። ለቤቱ ነው ብዬ ልይዘው እችላለሁ። ግን ከመጀመሪያውም ባሕር የመረጠችው ለዚያ ቢሆንስ? ምግብ ቤት እያለ፣ መናፈሻ እያለ። አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኛለች፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ደግሞ ልታምኑ አትችሉም፣ ክረምት ስትመጣ ሌላ ጀልባ መከራየት ትፈልጋለች። እዚሁ ወሎ፣ «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ላይ። እናቴን ይዛ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን አለች። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ከዚያ ትንሽ ሳስበው... ሐይቅ እኮ መውጫ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣው አንቸርቃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ከምንም ባሕር ጋር አይገናኝም። ካርታ ላይ ጣታችሁን ብታዞሩ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ። እርግጥ ጥልቅ ነው፣ ከ80 ሜትር በላይ። ግን ዳሩ ከየትም ይታያል። እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን መሬቱ ተያይዞ በእግር ይገባል። እናቴ ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር እዚያ ገበያ ትሄድ እንደነበር ትናገራለች። ምናልባት ውኃን እንደገና... አይ፣ እሱን አልልም። ሰው ለመዳን ሲል ጀልባ ላይ ይወጣል ማለት አልፈልግም። ላይሆንም ይችላል። ሊብስባትም ይችላል።

ዋጋ ጠይቅልኝ ብላኛለች። ሐይቅ ሞተር ጀልባ ያለው አንድ ልጅ ስልክ ሰጥተውኛል። ዋጋውን አይደለም መጀመሪያ የምጠይቀው። ስንት ሰው ይጭናል፣ ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ ወይ፣ በአንድ ሰው ቢበዛ ትነሣለህ ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። እነሣለሁ ካለኝ ሌላ እፈልጋለሁ።

እናቴን ግን ማን ይጠይቃት? ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ልጀምረው ብዬ «እማ፣ ሐይቅ እኮ...» ስላት «ዓሣ ልታመጣልኝ ነው?» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። አዎ አልኳት። ስለዚህ ዓሣ መግዛት አለብኝ። ጀልባውን እህቴ ራሷ ትንገራት ይሆናል፣ ወይም ፋቲሃውን ጭምር... ወይም እሱን እኔ... ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው። መጣሁ እማ!