የሚንኮሻኮሸው ፍሬ የሽምብራ ዘመድ ነው?

ጥያቄ፦ (ከድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ የደወሉ አባት) ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲደርቅ በመካከሉ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ቆሞ ይታያል። ፍሬው እንደ ሽምብራ የተነፋ ነው፤ ሲደርቅ ይንኮሻኮሻል። ልጆቹ «የዱር ሽምብራ ነው» ብለው ሊቀምሱት ይፈልጋሉ። ፍየሎቹ ግን እምብዛም አይነኩትም። ምንድን ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ በመጀመሪያ ልጆቹን ይከልክሉልኝ። የነገሩኝ ምልክት ሁሉ ክሮታላሪያ ወደሚባለው ወገን ያመለክታል። ይህም ሽምብራም ከአተር ቤተሰብ ናቸው፤ ቅርበታቸው ግን ከዚያ አያልፍም። የምንዘራው ሽምብራ አበባው ነጭ ወይም ወደ ሮዝና ሐምራዊ የሚያደላ እንጂ ቢጫ አይደለም። ቅጠሉ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሲሆን በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ይደረደራል፤ እሸቱን የነካ ሰው ደግሞ እጁ ላይ የሚቀረውን ኮምጣጣ ነገር አይረሳውም። ክሮታላሪያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ፣ አንዳንዴም ነጠላ የሆነ ቅጠል ነው ያለው። አበባውን ከጎኑ ይመልከቱት፦ የታችኛው ክፍል እንደ ወፍ ምንቃር ሾሎ ይወጣል። የሚንኮሻኮሸው ደግሞ ዘሮቹ ሲደርቁ ከልባሱ ስለሚላቀቁ ነው። ሽምብራ በአንድ ልባስ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ዘር ይይዛል፤ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

በዓለም ላይ ወደ 700 የሚሆኑ የክሮታላሪያ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኛዎቹ የአፍሪካ ናቸው። በኬንያ ቅጠላቸው ተቀቅሎ የሚበላ አሉ፤ በዚህ ተማምኖ ከሜዳ የተገኘውን ሁሉ መቅመስ ግን ድፍረት ነው። ብዙዎቹ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አላቸው። ክፋቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው፦ እንስሳው ዛሬ በልቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲከሳና ሲታመም ተክሉን የሚጠረጥር አይኖርም። ዘሩ ከእህል ጋር ሲቀላቀልም ሰውን ይጎዳል። የፍየሎችዎን ምርጫ እንደ ፈተና አይውሰዱት። ፍየልና በግ ይህን መርዝ ከፈረስና ከከብት በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ስለዚህ ፍየል በልታ ደኅና ብትሆን እንኳ ለላሟ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጥያቄ፦ (ከሐረር የደወለች ተማሪ) ከሐኪም ጋራ ተዳፋት ላይ ሮዝ አበባ ያለውን ተክል ፎቶ ልኬላችኋለሁ። ስሙን ብትነግሩኝ?

መልስ፦ ፎቶው ያምራል፤ ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ ላኪዎች አንቺም ያነሣሽው አበባውን ብቻ ነው። ሮዝ አበባ ያላቸው የዚህ ቤተሰብ ተክሎች በደረቅ ሣር ሜዳ ላይ ብዙ ናቸው፤ የሚለያቸው ፍሬውና ቅጠሉ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ትናንሽ ቅጠሎች ካሉት ቴፍሮዥያ ወይም ኢንዲጎፌራ ሊሆን ይችላል። ከትናንሾቹ አንዷን በሁለት ጣት ይዘሽ ጫፏን ጎትቺ። ቴፍሮዥያ ከሆነ ጅማቶቹ ወደ ጎን እኩል እኩል ስለተሰመሩ ቅጠሏ ቀጥ ብላ አትቆረጥም፤ እንደ ቀስት ራስ ሾላ ትቀደዳለች። እኔ ይህን ፈተና እወደዋለሁ፤ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ለኢንዲጎፌራ አጉሊ መነጽር ያስፈልግሻል። ጸጉሩ መሐሉ ላይ ተጣብቆ ሁለት ጫፎቹ ግራና ቀኝ ተኝተው ታያለሽ። ሰማያዊው የልብስ ማቅለሚያ የሚወጣው ከዚህ ወገን ነው። ከቴፍሮዥያ መካከል ደግሞ ሰዎች ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙባቸው አሉ፤ ስለዚህ ከነካሽው በኋላ እጅሽን ታጠቢ።

ሁለተኛ ጊዜ ስትሄጂ አበባም ፍሬም ያለበትን ቅርንጫፍ ውሰጂ። በጋዜጣ መካከል አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኝበት፤ እስኪደርቅ ድረስ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ። ቦታውን፣ ቀኑንና የአበባውን ቀለም ወዲያው ጻፊ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ (ከባቢሌ የደወሉ አርሶ አደር) በግጦሹ ውስጥ ከብቶቹ የሚወዱት ትንሽ ቢጫ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነ ተክል አለ። ፍሬው ጫፉ ቆልመም ያለች ትንሽ ናት። ይህስ መርዝ ይሆን?

መልስ፦ ፍሬዋ ያልተነፋችና ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ከሆነች ስታይሎ የሚባለው መኖ ይመስላል። እናንተ አካባቢ ለሚዘራው ኦቾሎኒ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ግንዱን እንደ እጅጌ የሚሸፍነው የቅጠል ግርጌም በሁለቱ ላይ ይመሳሰላል። ጥሩ መኖ ነው። ዘሩ ከመርገፉ በፊት ከብት እንዳይጨርሰው ከግጦሹ ጥቂት ቦታ ይከልሉለት።