የሣለ እና ያሣለ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጎንደር ፎቶ አንሺዎችና ወጣት ሠዓልያን፤

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ምስል እንደ ፎቶግራፍ የፈጠራ ሥራ ነው ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ይህ ጥያቄ ቀድሞ የቀረበው በፎቶግራፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ናፖሊዮን ሳሮኒ ያነሣው የኦስካር ዋይልድ ፎቶ የመሣሪያ ሥራ ብቻ ነው የሚል ክርክር ቀርቦለት፣ አቀማመጡን፣ ልብሱን፣ ብርሃንና ጥላውን የወሰነው አንሺው መሆኑን አይቶ የቅጂ መብቱን አጽንቶለታል። የዚያው አገር የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት ግን በ2023 ጄሰን አለን የተባለ ሰው ሚድጆርኒ በተባለው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል በሚሠራ ፕሮግራም ያሠራውን ምስል፣ ሰውዬው ከ600 ጊዜ በላይ ትእዛዝ ለዋውጫለሁ ቢልም፣ የማሽኑን ድርሻ ሳይለይ አልመዘግብም ብሏል።

ልዩነቱን ቋንቋችን በአንዲት ፊደል ይገልጸዋል፤ የሣለ እና ያሣለ። በጣና ሐይቅ ባለው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ወድቀው ይታያሉ። ያሣሉ በመሆናቸው ክብራቸው ትልቅ ነው፤ ሠዓሊ ናቸው ያለ ግን የለም። ለማሽን ትእዛዝ የሚጽፍ ሰውም ለእኔ ያሣለ ነው። ምስሉን ተቀብሎ በእጁ ካረመው፣ ከቆረጠውና ከሌላ ካዋሐደው ግን ለጨመረው ሁሉ ፈጣሪነቱን አልነፍገውም።

ፎቶ አንሺ ከመወሰኑ በላይ በቦታው ተገኝቷል። በአንድ የጥምቀት ሌሊት ከ9 ሰዓት ጀምሮ በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ በግንቡ ላይ የተጠመጠሙትን የዛፍ ሥሮች ተደግፌ ስጠብቅ አድሬ፣ ጠበሉ ሲረጭ ሌንሴ ላይ ያረፈችው ጠብታ በፎቶው ጥግ ብዥ ብላ ቀርታለች፤ እስከ ዛሬ አላጠፋኋትም። በቅርቡ ደግሞ ይኸው በዓል በማሽን ተሠርቶ፣ የጎንደር ጥምቀት ተብሎ ሲዘዋወር አየሁ። ጃንጥላው ያምራል፤ ጠጋ ብዬ ስመለከት ግን በጠርዙ ላይ የግዕዝ ፊደል የሚመስለው ጭረት አንዱም አይነበብም። ያልተደረገ በዓል እንደ ተደረገ ተቆጥሮ ለልጆቻችን መተላለፉ እጅግ ያሳስበኛል።

ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በ2023 በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ሽልማት የተመረጠለት ምስል በማሽን የተሠራ መሆኑን ገልጾ ሽልማቱን አልቀበልም ያለው፣ ፎቶግራፍና የማሽን ምስል በአንድ ውድድር ሊመዘኑ አይገባም ብሎ ነበር። እኔም እናንተን የዐውደ ርእዩን አዘጋጆች የምለምነው፣ በሚመጣው ዓመት እንዲህ ያሉ ምስሎች ሲቀርቡ እንዳትመልሷቸው፣ ነገር ግን የራሳቸውን ግድግዳ እንድትሰጧቸውና ከግርጌያቸው «ያሣለው እገሌ» ብላችሁ እንድትጽፉ ነው።