20 ሊትር ቢራ ከጎንደር ጓዳ

[ምስል፦ ጓዳ ውስጥ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ነጭ ባለ ክዳን ባልዲ። ክዳኑ ላይ ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘች ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ተሰክታለች። በውኃው ውስጥ አረፋ ብልጭ ይልና ይጠፋል።]

ተራኪ፦
ቢራ በቤቴ ልጥመቅ የሚል የጎንደር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕቃው የት ይገኛል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» ይላል። ወደ ሁለቱም እንመጣለን። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን ቢራ የሚሠራው እርሾ መሆኑ ነው። የጠማቂው ድርሻ ለእርሾው ምግብ ማሰናዳት፣ የሚስማማውን ሙቀት መጠበቅና ሌላ ተሕዋስ ወደ ማዕዱ እንዳይጠጋ መከልከል ነው። ይህን የያዘ ሰው በባልዲ ጠምቆ ያስመሰግናል፤ ይህን የሳተ ሰው በውድ ዕቃም ቢሆን ሆምጣጤ ያወጣል።

[ምስል፦ ቅዳሜ ገበያ። የብቅል መደብ፤ እፍኝ ብቅል ወደ ካሜራው ተጠግቶ።]

ተራኪ፦
ከተማዋ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የዳሽን ቢራ ፋብሪካ እዚህ ነው፤ የብቅል ፋብሪካም አለ። ከእነርሱ አስቀድሞ ጠላው፣ በቅማንት አካባቢም ኮረፌው ነበረ። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው የቢራን ግማሽ መንገድ ያውቀዋል። ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ ደረቆቱ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ድፍድፉ ጋን ውስጥ ይሰነብታል። ከሁሉ በላይ ግን ጋኑ በግራዋ ተፈትጎ ይታጠባል፣ በወይራም ይታጠናል። ስለ ተሕዋስ ያልተማሩ እናቶች ለጋኑ ንጽሕና ይህን ያህል መጨነቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተፈተገ ጋን ጠላውን እንደሚያኮመጥጠው ከእናቶቻቸው ወርሰውታል።

የጠላ እርሾ ሳይጠራ ይመጣል፤ ከእህሉ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ግድግዳ። አንድ ዓይነትም አይደለም፤ ከእርሾው ጋር ጣዕሙን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች አብረው ይገባሉ። ስለዚህ የአንዱ ቤት ጠላ ከጎረቤቱ ይለያል፤ ሳይቆይ ካልተጠጣም ይሆመጥጣል። የቢራው እርሾ ግን ተመርጦ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ዴንማርካዊ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንዲት የእርሾ ሕዋስ ለይቶ አራባ። ዛሬ በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው ደረቅ እርሾ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረገፈ የጀማሪ ኪት።]

ተራኪ፦
ውጭ አገር የጀማሪ ኪት ተብሎ የሚሸጠውን ካርቶን ብንከፍተው ይህን እናገኛለን፦ ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከነክዳኑ፣ አየር ማስወጫ ቱቦ፣ መቅጃ ጎማ፣ ቆርኪ መምቻ፣ ቴርሞሜትር፣ ሃይድሮሜትር (በጭማቂው ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያሳይ ተንሳፋፊ መለኪያ)፣ አንድ ቆርቆሮ የብቅል ሽሮፕና አንድ ከረጢት እርሾ። ሽሮፑ ፋብሪካ ውስጥ ተጠምቆ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ ነው፤ በሙቅ ውኃ ይበጠበጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨመርበታል፤ አለቀ። ለመማሪያ አይከፋም። ለእኛ ግን ከባዱንና ውዱን ዕቃ በአውሮፕላን ማስመጣት ነው፤ ብቅል በእጃችን እያለ።

እዚህ በቀላሉ የማይገኙት ሆፕ፣ ማለትም ለቢራ ምሬቱንና መዓዛውን የሚሰጠው አበባ፣ እና የቢራ እርሾ ናቸው። እነርሱ ደግሞ ከሁሉ ቀላሎች ናቸው፤ ለ20 ሊትር 30 ግራም ያህል ሆፕና 11 ግራም እርሾ ይበቃል። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ ውስጥ የዓመት ፍጆታ ይገባል። ሆፑን አየር በማይገባበት ከረጢት አድርጋችሁ በረዶ ቤት፣ እርሾውን ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት። ባልዲው ከዕቃ መደብር ይገዛል፤ ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን እንጂ ቀለም የነበረበት አይሁን። ድስቱ የድግሱ ድስት ነው። በግምት የማይተኩት ቴርሞሜትርና ሃይድሮሜትር ብቻ ናቸው። ገንዘብ ካጠረ ሌላውን ተዉና እነዚህን ግዙ።

የዳቦ እርሾስ? ያፈላል፤ ዝርያውም አንድ ነው። ነገር ግን ከታች ረግቶ አይቀመጥም፤ ቢራው ደፍርሶ ዳቦ ዳቦ ይላል። ጌሾስ ሆፕን አይተካም? መሞከር ይቻላል፤ ጣዕሙ ግን ወደ ጠጅና ወደ ጠላ ያደላል። እኔ ሁለተኛውን ጥምቂያ በጌሾ ሞክሩ እላለሁ፤ የመጀመሪያውን በሆፕ።

[ምስል፦ ትልቅ ድስት፣ በሻሽ ከረጢት ውስጥ የተሰነጠቀ ብቅል። ቴርሞሜትሩ 66 ያሳያል።]

ተራኪ፦
ወደ ሥራው። 4.5 ኪሎ የገብስ ብቅል እንደ ዱቄት ሳይደቅ ተሰንጥቆ ይፈጭ። ወፍጮ ቤት ይህን ስትጠይቁ ባለ ወፍጮው ሊገረም ይችላል፤ ለጠላ የሚፈጨው የደቀቀ ነውና። 13 ሊትር ተኩል ያህል ውኃ እስከ 72 ዲግሪ አሙቁና ብቅሉን በሻሽ ከረጢት አድርጋችሁ ንከሩት። ሙቀቱ ወደ 66 ይወርዳል። ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉትና ለአንድ ሰዓት ተዉት።

በዚያ ሰዓት ውስጥ ብቅሉ ሲበቅል ያፈራቸው ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆርጡታል። ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሥራቸው የሚሰምርበት ነው፤ ሙቀቱ ከ75 ካለፈ ይሞታሉ፣ ስታርቹም እንዳለ ይቀራል። የገበያ ብቅል በፀሐይ የደረቀ ስለሆነ ኢንዛይሙ በእሳት አልተጎዳም፤ አበቃቀሉ ግን ከሻጭ ሻጭ ይለያል። ስለዚህ መፈተሽ ያስፈልጋል።

[ምስል፦ ነጭ ሳህን፣ በጣም ቀርቦ። አንድ ማንኪያ ጭማቂ ይፈስሳል፤ ከብልቃጥ አንድ ጠብታ አዮዲን ይወርዳል። ጠብታው ይጠቁራል።]

ተራኪ፦
ይህ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን ነው። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ አያችሁ? ስታርች ገና አለ ማለት ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና እንሞክር።

[ምስል፦ ያው ሳህን፣ ሌላ ጠብታ። ቡናማነቱ ሳይለወጥ ይቀራል።]

ተራኪ፦
አሁን ቀለሙ አልተለወጠም። ስታርቹ አልቋል፤ ቅመሱት፣ ይጣፍጣል። የተፈተነው ጭማቂ ይደፋ እንጂ ወደ ድስቱ አይመለስ። ከረጢቱን አውጥታችሁ በሞቀ ውኃ እያጠባችሁ አንጠፍጥፉት፤ ድስቱ ውስጥ 23 ወይም 24 ሊትር ይሙላ፣ ሲፈላ ይቀንሳል። ጭማቂው የወጣለት ገብስ ለከብት ይሰጣል፤ እንደ አተላ ሁሉ።

[ምስል፦ ድስቱ ይንፈቀፈቃል። ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆሟል።]

ተራኪ፦
ቴርሞሜትሩን ተመልከቱ። ውኃው እየተንፈቀፈቀ 93 ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ያነሰ ስለሆነ ውኃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ይህ ለቢራ ጠማቂ ትርጉም አለው። የሆፕ ምሬት በራሱ አይሟሟም፤ አልፋ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር በሙቀት ቅርጹን መለወጥ አለበት፤ በ93 ዲግሪ ደግሞ ለውጡ ይዘገያል። በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈው «ሆፑን 60 ደቂቃ አፍሉ» የሚለው መመሪያ እዚህ ለዘብ ያለ ቢራ ይሰጣል። 90 ደቂቃ አፍሉት፤ ማገዶ ወይም ጋዝ ለመቆጠብ የፈለገ ደግሞ ሆፑን ትንሽ ይጨምር።

ከዚያ ማቀዝቀዝ። መጽሐፎቹ በመዳብ ጥቅል ቱቦ ቀዝቃዛ ውኃ እያሳለፋችሁ በ20 ደቂቃ አብርዱት ይላሉ። ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ይህ ቅንጦት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ድርቅ የለመዱ ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይሻለናል። ትኩሱን ጭማቂ ሙቀት በሚችል፣ ለምግብ በተሠራ ወፍራም ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ መክደን፣ ጎኑን አጋድሞ ትኩሱ ክዳኑንና እጀታውን እንዲያገኘው ማድረግ፣ ከዚያም እስከ ማግስቱ መተው ነው። ትኩሱ ራሱ ጀሪካኑን ያጸዳዋል። ጭማቂው ለተወሰነ ጊዜ ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሚቆይ የሆፑ ምሬትም መውጣቱን ይቀጥላል፤ ከፍታው የወሰደብንን በከፊል ይመልስልናል። ያም ሆኖ ዕቃ ማጠቢያውን ጨምሮ ለ20 ሊትር ቢራ ቢያንስ የዚያን እጥፍ ውኃ ማጠራቀም ያስፈልጋል። ሮቶው ሳይሞላ ሥራ አትጀምሩ። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ከሸተተ አስቀድሞ ይፍላ፤ ክሎሪንና ብቅል ሲገናኙ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

[ምስል፦ ባልዲው በበረኪና ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይለቀለቃል።]

ተራኪ፦
ከመፍላቱ በኋላ ጭማቂውን የሚነካ ሁሉ፣ ባልዲ፣ ጎማ፣ ማንኪያ፣ እጅ፣ ንጹሕ ይሁን። በረኪና ከተጠቀማችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። እርሾውን የምትበትኑት ጭማቂው ከ22 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ከመበተናችሁ በፊት ከጀሪካኑ ወደ ባልዲው ከፍ አድርጋችሁ አንቆርቁሩት፤ እርሾ ለመራባት ሲጀምር አየር ይፈልጋል። በኋላ ግን አየር የቢራው ጠላት ነው።

አሁን የጎንደር አየር ውለታ ይውላል። እኛ የምንጠምቀው ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት ነው፤ እርሾው የሚወደው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ የብዙ ቤቶቻችን ጓዳ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በቆላ ከተማ ፍሪጅ የሚጠይቀውን ሥራ እዚህ ወለሉ ይሠራዋል። የሚያስቸግረው የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ነው፤ በተለይ በበጋ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ባልዲውን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቃችሁ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፤ ውኃው ልዩነቱን ያለዝበዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ሲያይል እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። እርሾ ሲሠራ የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ የባልዲው ውስጥ ከክፍሉ ይበልጥ ይሞቃል። ፋብሪካዎቹ የሚጠምቁት ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት ግን በ10 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ያለ ማቀዝቀዣ አትመኙት።

አረፋው ቆመ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። የሚፈርደው ሃይድሮሜትሩ ነው። መጀመሪያ 1.046 ካነበበና በመጨረሻ 1.011 ላይ ከቆመ፣ ልዩነቱ በ131 ሲባዛ 4.6 በመቶ አልኮል ይሆናል። በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ጨርሷል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

[ምስል፦ ቡናማ ጠርሙሶች በሰልፍ፤ በመካከላቸው አንድ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ።]

ተራኪ፦
ጋዙ የሚመጣው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ለሊትር 6 ግራም ስኳር፣ ለ20 ሊትር 120 ግራም፤ በትንሽ ውኃ አፍልታችሁ ባዶ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ፣ ቢራውን አተላውን ሳትነኩ በጎማ ቅዱበት። እዚህ ላይ ስኳሩን በግምት መጨመር አደጋ አለው። ስኳሩ ከበዛ፣ ወይም ሳይጨርስ ከታሸገ፣ ጠርሙስ ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል። ስንጥቅ ያለበትን ጠርሙስ ጣሉ። ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስም ይቅር፤ ብርሃን ሆፑን ያሸተዋል። ከጠርሙሶቹ አንዱን የለስላሳ ፕላስቲክ አድርጉት። ስትጨምቁት እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጋዙ ደርሷል ማለት ነው፤ የቀሩትን ወደ ፍሪጅ ማስገባት ይቻላል።

«ሜታኖል አያመጣም?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ቢራ በማፍላት ብቻ የሚሠራ ስለሆነ የሚያሰጋ መጠን አይኖረውም፤ አረቄ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው፣ እዚህም አናስተምረውም። መሸጥም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ለቤትና ለእንግዳ ነው፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ደግሞ አይደለም።

[ምስል፦ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ። ጣት ከጥር 11 ወደ ኋላ ይቆጥራል።]

ተራኪ፦
ለጥምቀት እንግዳ ማቅረብ የምትፈልጉ ከጥር 11 ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ ለሌሊቱ ብርድና ለሚዘገይ እርሾ አንድ ሳምንት ጨምሩ። ታኅሣሥ 6 ላይ ትደርሳላችሁ። ብቅሉን ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ግዙ፤ ዘመድ ሆፑን ይዞ እንዲመጣም አሁኑኑ ደውሉለት።